ሰው የሌለበት መርዶ

በጋይንትና በስማዳ፣ በእስቴም አገር፣ ሞት ከሩቅ ሲመጣ መልእክተኛው ወደ ሐዘንተኛው ቤት በቀጥታ እንዳይሄድ የሚከለክል ጥንታዊ ሥርዓት ነበረ። መልእክተኛው አስቀድሞ የሚያንኳኳው የቅርብ ዘመድ ወይም የንስሐ አባት ደጅ ነው፤ እዚያም ነገሩ በምሥጢር ተይዞ፣ ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ከእናቲቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችው እኅት አሁን ትስማ ወይስ ትቆይ፣ ከብቱን ማን ያሰማራ፣ ለለቀስተኛው እንጀራ ከየትኛው ቤት ይምጣ እየተባለ ሌሊቱን ሲመከርበት አድሮ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እናቲቱ ለውሃ ሳትወጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድነት ይደርስባታል። እርስዋም የሰዎቹን ብዛትና ነጠላቸውን ማዘቅዘቃቸውን ባየች ጊዜ ልቧ ይርዳል፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት በግራና በቀኝ የሚደግፏት እጆች ቀድመው ተዘርግተዋል፤ ብትወድቅ የምትወድቀው በሰው ላይ ነው።

ይህን ሥርዓት ፌስቡክና ቴሌግራም ሽረውታል፤ ወይም እውነቱን ለመናገር፣ በእነርሱ አማካይነት እኛው ሽረነዋል። ከጋይንቱ አርብ ገበያ ተነሥቶ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የወረደ፣ ወይም ባሕር ተሻግራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች፣ ወይም በጦርነት የወደቀ ሰው ሲሞት፣ ፎቶግራፉ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጥፎ፣ ከዚያም በከፋው አኳኋን አስከሬኑ ራሱ ተገልጦ፣ ከዘመዶቹ አስቀድሞ ለማያውቀው ሕዝብ ይደርሳል። ዘመዱም ብቻውን በሌሊት ስልኩን ሲያገላብጥ፣ በሠርግ ዘፈንና በቀልድ መካከል የወንድሙን ፊት ያገኘዋል። ይህንንም የሚያደርጉት ሰዎች ክፉ እንደ ሠሩ አይቈጥሩትም፤ ፈጥኖ ማሳወቅ ደግነት፣ ፎቶግራፍ ማውጣት ለሟች ክብር፣ አስከሬን ማሳየት ደግሞ ለእውነት መቆም ነው የሚለው ሐሳብ በመካከላችን ጸንቶ ተቀምጧልና። እኔ የምቃወመው ይህንን ሐሳብ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ በአእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚናገሩት ሊቃውንት አብዝተው የሚያነሡት የወጣቶችን እንቅልፍ ማጣት፣ የሰውን መልክና ኑሮ እያዩ መቅናትን፣ በላይክ ቍጥር መደሰትንና መተከዝን ነው። ይህም ሐሰት አይደለም፤ መጽሐፈ መነኮሳትን የተማሩ አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱንና ሀኬትን የነፍስ ደዌ አድርገው ቈጥረዋቸው ስለ ነበር፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። ነገር ግን ሐተታው ተጽፎ የሚመጣው ሰላም ካለበት አገር ስለሆነ፣ ከዚያ የተቀዳው ምክር ሁሉ የእኛን ዋና ቁስል ሳይነካ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ስልክ አእምሮን አብዝቶ የሚያቆስለው በቅንዓት በኩል ሳይሆን በሞት በኩል ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በሊቢያ ሲያርድና ሲረሽን የቀረጸውን ፊልም ባወጣ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የነበሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከምስሉ ለይተው አወቁ። ገዳዮቹ ያን ፊልም የሠሩት እንዲታይላቸው ነበር፤ በእጃችን እየተቀባበልን ያደረስንላቸው ግን እኛ ነን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቍጥር 302 በረራ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜም፣ የመጀመሪያው ወሬ ለዓለም የተሰማው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የትዊተር ገጽ ነበር፤ ያውም ለሟች ቤተሰቦች የተጻፈ የሐዘን መግለጫ ሆኖ። እነዚያ ቤተሰቦች በዚያች ሰዓት የት እንደ ነበሩና ማን አጠገባቸው እንደ ነበረ የጻፈው ሰው ሊያውቅ አይችልም። በመንግሥት ደረጃ እንዲህ ከሆነ፣ በየመንደሩ ያለውን ጎልማሳ ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የተነገረው የካህኑ የዔሊ ታሪክ ይህን ነገር አስቀድሞ ያስረዳል። ዔሊ በ98 ዓመቱ፣ ዓይኖቹ ፈዘው፣ በወንበሩ ተቀምጦ ሲጠባበቅ፣ ከጦር ሜዳ እየሮጠ የመጣው ብንያማዊ የእስራኤልን ሽሽት፣ የሁለቱን ልጆቹን ሞትና የታቦቱን መማረክ አከታትሎ ዘረገፈበት፤ ሽማግሌውም ወደ ኋላው ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ፣ ምራቱም ድንገት ምጥ ይዟት ወለደችና ሞተች። ያ መልእክተኛ አንዲት ሐሰት አልተናገረም። ቢሆንም የተናገረው እውነት በአንድ ቤት ላይ ሁለት ሬሳ ጨመረ። በአንጻሩ የኢዮብ ወዳጆች፣ በኋላ በንግግራቸው ቢበድሉም፣ አስቀድመው 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከሠሩት ሁሉ የሚያስመሰግናቸውም ይህ ይመስለኛል።

ለመጽሐፍ ምስክርነት ጆሮ የማይሰጥ ቢኖር ሳይንስም ከዚህ የራቀ አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በቦስተን የማራቶን ውድድር ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ባለው ሳምንት፣ የፍንዳታውን ዜናና ምስል በቀን 6 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲከታተሉ የሰነበቱ ሰዎች፣ በስፍራው ከነበሩት ይልቅ የበረታ የጭንቀት ምልክት እንደ ታየባቸው በተከታዩ ዓመት የታተመ ጥናት አመልክቷል። በናይሮቢም የፌስቡክን ነውረኛ ምስሎች እያዩ እንዲያጠፉ ተቀጥረው ከነበሩት፣ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም ከሚገኙባቸው ሠራተኞች መካከል፣ ከ140 የሚበልጡት ጽኑ የሆነ የአእምሮ ጠባሳ እንዳደረባቸው ሐኪም መመስከሩ እ.ኤ.አ. በ2024 በፍርድ ቤት ክርክራቸው ተገልጧል። እነዚያ ደመወዝ ተከፍሏቸው ባዩት የታመሙበትን፣ እኛ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅና ለሰባ ዓመት አሮጊት በነጻ እናድላለን።

«ግፉ ካልታየ ማን ያምነናል?» የሚለው ክርክር ከሁሉ የከበደ ስለሆነ በቸልታ አላልፈውም። በትግራይ በማኅበረ ዴጎ የተፈጸመውን ግድያ የዓለም ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ2021 መርምረው ያረጋገጡት ገዳዮቹ ወታደሮች ራሳቸው ከቀረጹት ፊልም ነበር፤ ያ ፊልም ባይገኝ ኖሮ ነገሩ በክሕደት ተሸፍኖ ይቀር ይሆናል። ስለዚህ ምስክርነት ይጠበቅ፣ ይቀመጥም፣ ለሚመረምርና ለሚፈርድም ይሰጥ። ነገር ግን የተራራውን ገጽ ከመሬቱ ጋር እያስተያየ፣ የጥላውን ርዝመት እየለካ የሚመረምረው ሰው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የቀሩት እልፍ አእላፍ ተመልካቾች በምርመራው ላይ የጨመሩት ማስረጃ የለም። ለሟች እናት ግን የጨመሩባት ብዙ ነው።

ሌላው ክርክር ከራሳችን ጓዳ የሚወጣ ነው። የቀድሞው መርዶ ሥርዓት ንጹሕ አልነበረም፤ መኸሩ እስኪገባ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ፣ ፈተናው እስኪያበቃ እየተባለ ሞት ለወራት ይሰወር ነበር፤ በውጭ አገር የሚኖር ልጅ አባቱ ከተቀበረ፣ አርባው ከወጣ በኋላ የሚረዳበት ጊዜም ነበረ፣ አለም። እንዲህ ያለውን ሰው ሳነጋግር የሚያስቆጣው የአባቱ ሞት ብቻ አይደለም፤ በስልክ «ደኅና ነው» እያሉ ሲያታልሉት የከረሙት ዘመዶቹም ጭምር እንጂ። ይህ በደል ነው፤ ፌስቡክን የሚያመሰግኑትም ስለዚህ ከሆነ ምክንያታቸው ይገባኛል። ሆኖም የሚሰውረው ዘመድ የምሥጢሩን ሸክም ራሱ ተሸክሞ፣ እያወቀ እየሣቀ፣ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰ ይከርም ነበር፤ ለጥፎ የሚያልፈው ሰው ግን የሚሸከመው ነገር የለውም። ሐዘንም በየባህሉ ልክ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ከ6 ወር አልፎ የሚዘልቀውን ጽኑ ሐዘን በበሽታዎች መዝገቡ ሲያስገባ፣ መለኪያው የሐዘንተኛው የራሱ ባህልና ሃይማኖት የሚፈቅደው ልክ እንዲሆን አዝዟል። የእኛ ልክ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ እንባን በየደረጃው የሚያወርድ ነበር። የተለጠፈው ምስል ግን ተዝካር አያውቅም፤ በፈለገበት ቀን ይመለሳል።

እንግዲያውስ ኢንተርኔቱ ይዘጋ የሚሉም አሉ፤ ተዘግቶም አይተነዋል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም በጋይንት የተወለዱት ዶክተር አምባቸው መኮንን በባሕር ዳር በተገደሉ ጊዜ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ በዋና ዋና ከተሞች እንኳ እስኪመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። በዚያ ዓመት የሰው አእምሮ ዐርፎ ነበርን? ጦርነቱ አልተዘጋም፤ የተዘጋው የልጅ ድምፅ ነው። በውጭ ያለው ስለ አገር ቤቱ፣ አገር ቤት ያለው ስለ ከተማው እየተጨነቀ፣ ሕያው ይሁን ሙት ሳያውቅ ከረመ፤ ሙሾ ሊያወጡለት፣ ፍትሐትም ሊያስፈቱለት የማይቻል ሐዘን ይኸው ነው። እንዲዘጋ ያዘዙት ሰዎች ጸጥታን ከጤና ጋር አምታትተውታል፤ ምናልባትም ጤና ከመጀመሪያው በሐሳባቸው አልነበረም።

ስለዚህ ጉዳዩ ለመንግሥትም ለኩባንያም የሚተው አይመስለኝም። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የተወላጆች ማኅበራት ዛሬ በቴሌግራም ይሰበሰባሉ፤ እድሮችም የሞት ጥሪያቸውን በዚያው ያስተላልፋሉ። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ደንብ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ይኸውም የቤተሰቡን መርዶ የያዘው ሽማግሌ «ተረድተዋል» የሚል ቃል እስኪልክ ድረስ የሟች ስም እንዳይነሣ፣ አስከሬን ግን ከቶ እንዳይታይ የሚል ነው። አንዱ ቢተወው ሌላው ያወጣዋል ይባል ይሆናል። በቀድሞውም ዘመን በገበያ መካከል «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ያልተረዳችውን እናት የሚያስደነግጥ ችኩል አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይወቀስ፣ ይቅርታ ጠይቅ ይባል፣ ከዚያም ወዲያ ምሥጢር የሚመከርበት ቤት አይጠራም ነበር። ዛሬ ቀድሞ የለጠፈው በሺህ ላይክ ይመሰገናል፤ ማኅበሩም ከመካከሉ ሊያስወጣው በአንዲት ጣት መንካት የሚቻለው ሳለ፣ እስካሁን ድረስ አብሮ «ነፍስ ይማር» ይጽፍለታል።