በጎረቤቱ ዘንድ ያሸነፈው ተሸናፊ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከደረሱበት ማዕረግ ነው። የወጡበትን መሰላል የመጀመሪያ እርከን ፈልጎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። አብርሃም ሊንከን ሲባል የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደ ነበረ፣ የባሮችን ነጻነት አዋጅ እንዳወጣ፣ በነፍሰ ገዳይ ጥይት እንደ ሞተም ሁላችን ተምረናል። ዳሩ ግን ይኸው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ሕዝብ ይምረጠኝ» ብሎ በቀረበ ጊዜ ተሸንፎ መመለሱን ስንቶቻችን እናውቃለን? ለዛሬው እሑድ ያሰብነው ስለዚሁ ሽንፈት ጥቂት ለመናገር ነው። ገና ከትምህርት ቤት ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለያዝን ወጣቶች፣ ከድሉ ይልቅ ሽንፈቱ የሚያስተምረን ይበልጣል ብለን እናምናለንና።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊንከን በ1809 በኬንታኪ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። በትምህርት ቤት ያሳለፈው ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት እንደማይሞላ ራሱ ጽፏል። በ1831 ኢሊኖይ በተባለው ግዛት ኒው ሳሌም ወደምትባል አነስተኛ መንደር መጣና ከአንድ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ዕቃ ይሸጥ ጀመር። በማግሥቱ ዓመት በመጋቢት ወር፣ የ23 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ ለግዛቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴነት መወዳደሩን አስታወቀ።

አሜሪካ ዛሬ 50 ግዛቶች እንዳሏት የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱም ግዛት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። ከነብራስካ በቀር ሁሉም ምክር ቤታቸው በሁለት የተከፈለ ነው። የኒው ሃምፕሸር የታችኛው ምክር ቤት 400 እንደራሴዎች ሲኖሩት፣ የአንዱ እንደራሴ ደመወዝ በዓመት 100 ዶላር ብቻ ነው። እንግዲህ የግዛት ወንበር ማለት ከዋና ከተማው ታላቅ አዳራሽ ይልቅ ለመንደሩ መንገድና ለልጆች ትምህርት ቤት የቀረበ ወንበር ነው። በ1832 በኢሊኖይ ድምፅ የሚሰጡት ዕድሜአቸው የደረሰ ነጮች ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶችና ጥቁሮች ከዚህ መብት ውጪ ነበሩ። መራጩም በጸሐፊዎቹ ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮኾ ይናገር ነበር።

ታዲያ ይህ ስም የሌለው ሱቅ ጠባቂ በምን ቃል ቀረበ? ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቶ «ሳንጋሞ ጆርናል» በተባለው ጋዜጣ አሳተመ። ጽሑፉ ስለ ታላላቅ መንግሥታት ፖለቲካ አይናገርም። የሚናገረው በመንደሩ አጠገብ ስለሚያልፈው ስለ ሳንጋሞን ወንዝ ነው። የገበሬው እህል ገበያ የሚደርስበት መንገድ አልነበረምና፣ የባቡር ሐዲድ ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ሳይክድ፣ ለሐዲዱ የተገመተው 290,000 ዶላር ከአገሬው አቅም በላይ መሆኑን ገለጠ። ስለዚህ ወንዙን ከግንድና ከቁጥቋጦ ጠርጎ፣ ጠማማውን አቅንቶ ለጀልባ ማመቻቸት ይሻላል አለ። ይህንም ያለው ከመጽሐፍ አንብቦ አልነበረም። ራሱ በዚያ ወንዝ ጀልባ ነድቶበት፣ ጀልባውም በኒው ሳሌም ግድብ ላይ ተሰክቶበት፣ የውሃውንም መሙላትና መጉደል ዓመት ሙሉ ተመልክቶ ነው።

ከዚህም ሌላ አራጣ በሕግ እንዲወሰን፣ ማንኛውም ሰው ቢያንስ የአገሩን ታሪክ አንብቦ ለመረዳት የሚያበቃውን ያህል እንዲማር አሳሰበ። በመጨረሻም ሀብታምም ዝነኛም ዘመድ እንደሌለው፣ ሐሳቡ ስሕተት ሆኖ ባገኘው ጊዜ ሊተወው ዝግጁ እንደሆነ፣ ሕዝቡ ባይመርጠውም ችግርን የለመደ ስለሆነ ብዙ እንደማያዝን ገልጦ ጽሑፉን ፈጸመ።

በዚያው ወር ታሊስማን የምትባል የእንፋሎት መርከብ ወንዙን ሽቅብ ልትወጣ መጣች። ሊንከንም ከሌሎች ጋር መጥረቢያ ይዞ በመንገዷ የተጋረጠውን ቅርንጫፍ ጠረገ፤ ስትመለስም በመምራት ረዳ። ነገር ግን ውሃው ስለ ጎደለ መርከቢቱን ለማሳለፍ ከኒው ሳሌም ግድብ ከፊሉን ማፍረስ ግድ ሆነ። ይህ አጋጣሚ ወንዙ ከተወዳዳሪው ተስፋ ይልቅ አስቸጋሪ መሆኑን አስረዳ። በሚያዝያ ደግሞ የብላክ ሆክ ጦርነት ስለ ተነሣ ሊንከን ዘመተ፤ ጓደኞቹም በምርጫ ሻምበል አደረጉት። ከዘመቻው ሲመለስ ምርጫው ሊደርስ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለ ነበሩ፣ በየቀበሌው ዞሮ ራሱን ለማስታወቅ በቂ ጊዜ አላገኘም።

ኦገስት 6 ቀን 1832 ምርጫው ተደረገ። ለ4 ወንበር 13 ሰዎች ተወዳድረው ሊንከን 8ኛ ወጣ። በሌላው ቀበሌ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በኒው ሳሌም ግን ከ300 ያህል መራጮች መካከል 277ቱ ስሙን ጮኸው ተናገሩ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቍጥር ላይ ጥቂት ቆም እንበል። «ጎረቤት ጎረቤቱን ቢመርጥ ምን ያስደንቃል? ይህስ የዝምድና ምርጫ አይደለምን?» የሚል ሰው አይታጣም። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ አስበን ነበር። ነገር ግን ሊንከን በዚያ መንደር ዘመድ አልነበረውም፤ ከመጣ እንኳ ገና ዓመት ከጥቂት ቀን መሆኑ ነው። በፖለቲካም ቢሆን እርሱ የሄንሪ ክሌይ ወገን መሆኑን ሳይደብቅ፣ የዚያው ቀበሌ ሕዝብ በዚያው ዓመት ኅዳር በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ለክሌይ ተቃራኒ ለአንድሩ ጃክሰን የብዙኀን ድምፁን ሰጠ። እንግዲህ 277ቱ ሰዎች የመረጡት ደሙን ወይም ወገኑን አይቶ የሚባል አይደለም። በባንኮኒው ሲመዝን፣ በወንዙ ሲሠራ፣ በአደባባይ ሲከራከር አይተው የመረጡት ሰው ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ ብንናገር አንባቢ ይቅር ይለናል። ዩኒቨርሲቲ በጨረስንበት ክረምት ወደ ትውልድ ቀያችን ሄደን በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ ንግግር እንድናደርግ ተጋበዝን። ስለ ሥልጣኔና ስለ ልማት፣ ስለ ዓለም ኤኮኖሚ ሳይቀር፣ ያልተናገርነው አልነበረም። ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ቃልህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ያሳድግህ። ግን ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የማዶ ልጆች ለፈተና በምን ይሻገሩ ትላለህ?» ብለው ጠየቁን። በልጅነታችን የዋኘንበት ወንዝ ነበር። ስፋቱን አናውቅም፤ ድልድይ ለመሥራት ስንት ግንድ እንደሚበቃ አናውቅም፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመለከተው እንኳ ጠይቀን አናውቅም ነበር። «ይታሰብበታል» ብለን ተቀመጥን። ከዚያን ቀን ወዲህ «ይታሰብበታል» የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ በሰማን ቍጥር እናፍራለን።

የሊንከን የመጀመሪያ ውድድር የሚነግረንም ይህንኑ ነው። ከፍ ወዳለ ወንበር ለመውጣት የሚመኝ ሰው ምኞቱ ነውር የለበትም፤ ሊንከንም ምኞቱን አልደበቀም። ነውሩ ወንዙን ሳያውቁ ስለ ባሕር መናገር ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው በቴሌቪዥንና በስልክ ስሙን ባንድ ቀን ለብዙ ሺሕ ሰው ማሰማት ይችላል። ስም መሰማቱና ሰው መታወቁ ግን ለየቅል ናቸው።

ከሽንፈቱ በኋላ ሊንከን ምን አደረገ? መራጩን አልረገመም፤ መንደሩንም ጥሎ አልሄደም። ከሸሪክ ጋር ሱቅ ከፍቶ ከሰረ፤ ለብዙ ዓመት የከፈለው ዕዳ ተረፈው። በ1833 የመንደሩ ፖስታ ቤት ሹም ሆነ፤ ቀጥሎም የመሬት ቀያሽ ረዳት ሆነ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ትንሽ መስለው ይታዩ ይሆናል። ነገር ግን ደብዳቤ ሲያደርስና ወሰን ሲለካ፣ በ1832 ሊዞርባቸው ጊዜ ያጣባቸውን ቀበሌዎች አወቃቸው፤ እነርሱም አወቁት። በ1834 ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቦ ከ13 ተወዳዳሪዎች 2ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከዚያም ተከታትሎ በጠቅላላው ለአራት ጊዜ ያህል እንደራሴ ሆነ።

ሁሉን በመልካም ብቻ ብንናገር ግን ሐሰተኞች እንሆናለን። በ1832 የሐዲዱ ወጪ ያስፈራው ይኸው ሰው፣ በ1837 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመንገድ፣ ለሐዲድና ለቦይ እንዲወጣ የታወጀውን ዕቅድ ደግፏል። በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ሥራው ሳይፈጸም ግዛቱ በከባድ ዕዳ ተያዘ። የጎረቤትን ኪስ መገመት የሚችል ሰው እንኳ አዳራሽ ሲገባ ቍጥሩ ሊያሰክረው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ጓደኞቻችን፣ ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ባንድ ዓመት ውስጥ ዕድገት አላገኘንም ብለን የምናኰርፍ ብዙዎች ነን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው፣ ሳንታወቅ ለመሾም የምንጣደፍ ሰዎች ለቀማው አይቀርልንም። ስለዚህ ማንም «ምረጡኝ» ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ አጠገቤ ከሚኖሩት፣ ሥራዬን በየቀኑ ከሚያዩት 300 ሰዎች መካከል ስሜን ጮኾ የሚጠራ ስንቱ ነው? እኛ ይህን ጥያቄ ጠይቀን የመለስነው መልስ ብዙ አላኰራንም። በመጪው እረፍት ግን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ገመድ ይዘን ሄደን የዚያን ወንዝ ስፋት እንለካለን።