ፒያኖ ተሸክሞ የተሰደደ የለም

በዚህ ዓምድ ስለ ክራርና ስለ ማሲንቆ ስናወጋ እንደቆየን ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ደግሞ ስለ ጃዝ ፒያኒስቶች እናወራለን። «ደርሶ ጃዝ ምን ይበጀናል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነገሩን ያመጣው የአንዲት እናት ጥያቄ ነው።

እኚህ እናት ከሶባ ጀምሮ ጎረቤታችን ናቸው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው የዘይት ካርቶን ቀዶ፣ በከሰል የፒያኖ ቁልፎች ሥሎበት፣ ውኃ ወረፋ ላይ ሳይቀር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን ሲያሯሩጥ ይውላል። ድምፁን የሚያወጣው በአፉ ነው። እናትዮው መጡና «እናንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፉ ልጆች፣ ይሄ ነገር እንጀራ አለው ወይስ የለውም? ከሌለው ካርቶኑን እሳት ላያይዝበት» አሉን። እኛም «በሚቀጥለው እትም እንመልስልዎታለን» ብለን ለጊዜው አመለጥን።

ሶባን ለማታውቁ፣ ከካርቱም መሀል ወደ ደቡብ ወጣ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የጥንቱ የአልዋ ክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ከነበረችው ከሶባ የመጣ ነው። እዚያ ግቢያችን ውስጥ አንድ ወጣት ነበር። ስሙን አንጠራውም፣ ኦርጋኒስቱ እንበለው። ቀን ቀለም ቀቢ ነው፣ ማታ ኪቦርድ ይጫወታል። አሮጌ ኪቦርድ ነበረች፣ ሁለት ቁልፏ አይሠራም። መብራት ሲሄድ (መቼ ሳይሄድ ቀርቶ!) በስድስት ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። የባትሪውን ሒሳብ የግቢው ሰው ከቡና ገንዘብ ላይ ያዋጣ ነበር። ልጁ ትዝታ ይጀምርና መሀል ላይ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ድምፅ ያስገባበታል። እናቶች «ምነው አበላሸው» ይላሉ። እሱ ይስቅና «ጃዝ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሙያው እንበል። የኛ ቅኝት፣ ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ፒያኖ ግን በአንድ ስምንት ድምፅ ውስጥ ሰባት ነጭና አምስት ጥቁር፣ በድምሩ ዐሥራ ሁለት ቁልፍ አለው። አምስቱን ጥቁሮች ብቻ እየነካችሁ ብትሄዱ የትዝታ ሜጀር ድምፅ ታገኛላችሁ፣ ሞክሩት። ጃዝ ተጫዋቹ የሚቸገረው በቀሩት ሰባት ድምፆች ነው። ቅኝቱ ሳይፈርስ እንዴት ያስገባቸው? ኢንጂነሪንግ ሊማሩ ዌልስ ተልከው ሙዚቃ ተምረው የመጡት፣ የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ይህንን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው አድርገውታል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ከአገር ወጥተው እዚያው የቀሩትን ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፣ እንዳይምታታባችሁ።)

ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ ገቡ፣ በዐሥራ አራት ዓመታቸው አኮርዲዮን በራሳቸው ተማሩ። ወላጆቻችን የሚያስታውሱት የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን የሳቸው ጣት ነው። በደርግ ጊዜ ባንዱ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ሙዚቀኞቹም እስከ ንጋት ይጫወታሉ። በ1977 «ቼ በለው» የሚለውን ሸክላ አወጡ። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለጉዞ ወጣ። ጉዞው ሲያበቃ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው።

በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው፣ ያለ ባንድ፣ የልጅነት አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር ደራርበው ብቻቸውን ካሴት ሠሩ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ። ከዚያ ዓመታት እያለፉ መድረክ ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆኑ፣ ዳለስ በሚባለው አየር ማረፊያ።

እናታችን፣ ይህችን ልብ ብለው ያንብቡልን። ታክሲ ነጂ አየር ማረፊያ ላይ ብዙ ሰዓት ተራ ይጠብቃል። ሌላው ሾፌር ካርታ ይጫወታል፣ ይተኛል፣ ፖለቲካ ያወራል። ጋሽ ኃይሉ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍተው በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ ያወጣሉ፣ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ተራቸው እስኪደርስ ይለማመዳሉ። ተራ ሲደርስ ኪቦርዷን መልሰው ተሳፋሪ ይጭናሉ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ዓመታት ነው የምንላችሁ። አድማጭ የለም፣ ክፍያ የለም፣ መድረክም የሚጠራ የለም። እኛ እንኳን ለራሽን ወረፋ ስንሰለፍ የምንሠራውን እናውቃለን፤ ስንቱን ሰው ስናማ ነው የምንውለው።

በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ያቺን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰውየውን አፈላልጎ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ ጋሽ ኃይሉም ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ። ያኔም ታክሲውን ገና አልተዉም ነበር። እንግዲህ የእንጀራው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፦ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያበላቸው መሪው ነው፣ ኪቦርዱ አይደለም። ይህንን ደብቀን ብንጽፍልዎት እንዋሻለን።

ሁሉም ግን እንደ ጋሽ ኃይሉ አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ጋሽ ግርማ በየነን እንውሰድ። ፒያኖ ማንም አላስተማራቸውም። በዚያ በወርቃማው ዘመን ከስድሳ በላይ ዘፈኖችን ያቀናበሩ ሰው ናቸው፤ በራሳቸው ድምፅ በሸክላ የዘፈኑት ግን አራት ብቻ ነው። እሳቸውም በዚያው በ1981 ጉዞ ሄደው ቀሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ሙዚቃውን ተዉት። ነዳጅ ማደያ ሠሩ። ፒያኖው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቀረ። «ስንፍና ነው» የሚል ካለ ሐዘን የማያውቅ ሰው ነው። በኋላ አገራቸው ተመልሰው፣ አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር በ2017 አልበም ሠሩ። ርእሱ ወደኛ ሲመለስ «ሆን ተብሎ የተሠሩ ስሕተቶች» እንደማለት ነው። ኦርጋኒስታችን ትዝታውን «ሲያበላሽ» የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባን።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ሳንጠቅስ አናልፍም። ፈረንጆች አንዳንዴ ከጃዝ ጋር ያስቀምጧቸዋል እንጂ እሳቸው የጃዝ ሰው አይደሉም፣ መነኩሲት ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት የተላኩ። ጣሊያን ሲገባ በ1937 የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከነቤተሰባቸው ተግዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከቤተሰቡ የተገደሉም አሉ። ኋላ ካይሮ ሙዚቃ ተማሩ፣ ከዚያ ሁሉን ጥለው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፣ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር ሲታተም ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሰጡ። ኢየሩሳሌም ኖረው በ99 ዓመታቸው መጋቢት 2023 ዐረፉ። ዜናውን ሶባ ሆነን ነው የሰማነው። ኦርጋኒስቱ ያን ማታ ስለ እሳቸው ብሎ ቀስ አድርጎ ተጫወተ፣ ያለ ከበሮ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ በቀዳም ሥዑር፣ ጦርነቱ ተነሣ። እኛ ዶሮ እየበለትን ነበር። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ረመዳን ላይ ነበሩ። ከቀናት በኋላ መኪና ተገኘ፣ ለአንድ ሰው አንድ ማዳበሪያ ብቻ ተባለ። ኦርጋኒስቱ ኪቦርዷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። በእሷ ቦታ አንድ ሕፃን ይቀመጣል። «ተዋት፣ ኦርጋን አይበላም» አልነው። ሕፃኑን ማስቀደማችን ልክ ነው፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናደርጋለን። ቃሉ ግን ይቆጨናል። ሌላ ቃል ጠፍቶ አልነበረም። አጠገባችን ላሉ አንዲት ሐጃ አደራ ብሎ ሰጣቸውና መኪናው ላይ ወጣ። እስኪመሽ አንድ ቃል አልተናገረም። ሐጃ የት እንደደረሱ እስካሁን ወሬያቸውን አልሰማንም።

አብዱላህ ኢብራሂም የሚባሉ የደቡብ አፍሪካ ፒያኒስት አሉ፣ በ1962 ከአፓርታይድ ሸሽተው ዙሪክ የገቡ። ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን በ1963 እዚያ ሰማቸውና ዓለም አወቃቸው። (ያው ኤሊንግተን ነው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሡ ኒሻን የተቀበለው።) ግን አብዱላህ ዙሪክ ሲደርሱ እዚያ ፒያኖ ነበረ። ፒያኖ ተሸክሞ የተሰደደ የለም፤ የሚሰደደው ጣት ነው፣ ቁልፉ የሚገኘው ደግሞ ሰው ጋ ነው። ኦርጋኒስታችን እዚህ ካምፕ ከገባን ጀምሮ የጭነት መኪና ያራግፋል። «ተጫወት እስቲ» ብንለው «በምን?» ይለናል። እውነቱን ነው።

ይህንን ጽሑፍ ልንጨርስ ስንል እናትዮው ዘንድ ሄድን፣ የጻፍነውን አነበብንላቸው። የታክሲዋን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙን። «መንጃ ፈቃድም ይማራላ» አሉ። ኦርጋኒስቱን ይዘነው ነበር የሄድነው፣ ቡና አለ ብለን አታልለነው። ልጁ ካርቶኑን እንደ ልማዱ ጭኑ ላይ አድርጎ ይጫወታል። ኦርጋኒስቱ ሲኒውን እንደያዘ ብዙ ቆይቶ አየውና «ጥቁሮቹ ተሳስተዋል። ሦስት ሦስት አድርገሃቸዋል። ሁለት ነው፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት» አለ። ከዚያ ከምድጃው ዳር የጠፋች ከሰል አንሥቶ ሌላ ካርቶን ጠየቀ። እናትዮው ከአልጋ ሥር አወጡለት።