“ገጹ አልተገኘም” የሚል መልስ ደንበኛ ያስመልጣል

በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል ነባሩን ስም ይዞ የቀረው ዋና ከተማው ደባርቅ የሆነው ዞን ነው። ጎንደር የማዕከላዊ ጎንደር መቀመጫ ሆነች። በአሮጌው ልማድ “ሰሜን ጎንደር ዞን” ብሎ ጎንደር የሚመጣ ባለጉዳይ “ደባርቅ ሂድ” የሚለው ሰው አያጣም። ድረ ገጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጠቋሚ የለም። አድራሻው ከተቀየረ ጎብኚው የሚያገኘው 404 የሚል ቁጥርና “ገጹ አልተገኘም” የሚል ቃል ብቻ ነው።

ይህን የኮምፒውተር ባለሙያ ጣጣ አድርገው የሚያዩ የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። እኔ የሽያጭ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ስማቸውን የሰማ የውጭ ቱሪስት አልጋና መኪና የሚፈልገው በጉግል ነው። አንድ ተጓዥ ከዓመታት በፊት የጠቆመው የሆቴል አድራሻ ባዶ ሆኖ ከጠበቀው ተመልሶ ቀጣዩን ስም ይጫናል። እንዲህ የሄደ ደንበኛ በሂሳብ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ችላ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ገጹ ቦታ ለውጦ ከሆነ 301 የሚባለው ቋሚ ማስተላለፊያ ጎብኚውን ወደ አዲሱ አድራሻ ይወስደዋል፣ ጉግልም ለአሮጌው የሰጠውን ግምት ያሻግራል። ማስተላለፊያው ቢያንስ 1 ዓመት እንዲቆይ የሚመክረው ጉግል ራሱ ነው። አገልግሎቱ ጭራሽ ቀርቶ ምትክ ከሌለው ግን 404 ወይም 410 ብሎ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ በዚያው ገጽ ላይ የስልክ ቁጥርና ወደ ዋጋ ዝርዝር የሚወስድ ማያያዣ ከተቀመጠ ደንበኛው ባዶ እጁን አይመለስም።

የጠፋውን ሁሉ ወደ መግቢያ ገጽ መወርወር የሚወዱ ሠሪዎች አሉ። ይህ ማታለል ነው። የሊማሊሞን የእግር ጉዞ ዋጋ የፈለገ ሰው የሆቴል አዳራሽ ፎቶግራፍ ምን ይሠራለታል? ጉግልም ቢሆን ይህንኑ እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ጉዞ ያቋረጠ ድርጅት ገጹን ሰርዞ ከሆነ ዕዳው ሁለት ነው፤ ገበያው ሲመለስ ፍለጋ ላይ እንደ አዲስ ገቢ ከታች ይጀምራል። “ለጊዜው አቁመናል” የሚል አንድ መስመር ጨምሮ ገጹን ማቆየት ይበቃ ነበር።

ስለዚህ አዲስ ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የአሮጌና የአዲስ አድራሻዎችን ዝርዝር ይረከብ፤ በውሉም ላይ ይጻፍ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ያልተገኙትን ገጾች አንድ በአንድ ያሳያል። የይለፍ ቃሉ ግን በባለቤቱ እጅ ይሁን። ሠሪው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ በስልክ ማሳደድ አድካሚ ነው።