ትርፍ ቢላ የሌለውን ማሽን አትግዙ

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ የእንጨት መላጊያ ማሽን በየግቢው ጓሮ እየገባ ነው። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ድሮ አንድ ሻካራ ጣውላ ለማስላግ ትልልቅ ማሽን ወዳላቸው ቤቶች ጭኖ መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ከዚያም ሰውዬው በቸኮለበት መጠን የላገውን ይዞ መመለስ ነበር። ዛሬ ወጣቱ በገዛ ግቢው፣ በገዛ ሰዓቱ ጣውላውን አስገብቶ ውፍረቱ እኩል ሆኖ ሲወጣለት ያያል። የሚያስቆጨኝ ይህ ማሽን ብዙ ሳይሠራ ሸራ ለብሶ ጥግ መያዙ ነው።

እኔ አዲስ አበባ፣ ከቤቴ ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለ ጠባብ ሥፍራ ወንበርና የመጻሕፍት መደርደሪያ እሠራለሁ። የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ፣ ሞተሩ ሄዷል መሰለኝ፣ እስቲ ይዩልኝ" እያሉ ማሽናቸውን ያመጡልኛል። ሞተሩ በእርግጥ ተቃጥሎ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሌላው ሁሉ ሙጫ የለበሰ ሮለር፣ የዶለዶመ ቢላ ወይም ያለቀ የሞተር ካርቦን ነው። ልጆቹን አልወቅስም። ማሽኑን የሸጠላቸው ሰው ቢላው አላቂ መሆኑን አልነገራቸውም፤ ቢነግራቸውም የሚለውጡበትን ቢላ አልያዘም። በዚህ አሻሻጣችን ላይ ነው ቅሬታዬ።

ቢላው ለምን አላቂ እንደሆነ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። ማኪታ 2012 በሚባለው ማሽን ላይ ቢላዎቹን የያዘው ግንድ በደቂቃ 8,500 ጊዜ ይዞራል። ሮለሮቹ ደግሞ ጣውላውን በደቂቃ 8.5 ሜትር ይስባሉ። ቢላዎቹ ሁለት ስለሆኑ በእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ላይ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ፤ አንድ ሜትር ጣውላ 2,000 ምት ተቀብሎ ይወጣል ማለት ነው። ደዋልት 735 ሦስት ቢላ ይዞ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ይዞራል። ንጹሕ እንጨት ላይ እንኳ እንዲህ የሚሠራ ስለት ይደክማል። እኛ ደግሞ የምናስገባለት ብዙ ጊዜ ንጹሕ እንጨት አይደለም። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ሞራሌና የፎርምወርክ ጣውላ ርካሽ ስለሆነ ይገዛል፤ ላዩ ላይ ሲሚንቶ ተጋግሮበታል፣ ውስጡ ምስማር ተሰብሮ ቀርቶበታል። ሲሚንቶው ከአሸዋ ጋር የተቦካ ነው፤ አሸዋ ደግሞ አዲስ ቢላ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። እንዲህ ያለውን ጣውላ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ በማግኔት ዳብሶ፣ ከተጠራጠሩም ላዩን በእጅ መላጊያ ገፎ ማስገባት ግዴታ ነው። አለበለዚያ ጣውላው በርካሽ ተገዝቶ ቢላው በውድ ይከፈልበታል።

ማሽኑ ምን እንደጎደለው የሚናገረው የወጣው ጣውላ ነው። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጣውላውን ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ ቀጭን ጉብታ ካያችሁ ቢላዎቹ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፈዋል፤ ምስማር ወይም ጠጠር ነክተዋል። ትርፍ ቢላ እስኪገኝ የቢላው ቀዳዳ ክፍተት ከሰጠ አንደኛውን ብቻ ከሸረፋው ስፋት ዘለል አድርጎ ወደ ጎን ማንሸራተት ይቻላል፤ አንዱ የተወውን ሌላው ይቆርጠዋል። ላዩ እንደተወለወለ ካብረቀረቀና ሲነካ ከሞቀ ቢላው ዶልዱሟል፤ መቁረጡን ትቶ እያሸ ነው። ሰጋቱራውም ይመሰክራል፦ ስል ቢላ ቅርፊት ይጥላል፣ ዱልዱም ቢላ ዱቄት ያቦናል። እንጨቱ እየተቦጨቀ ከወጣ ግን ቢላውን ለመክሰስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጣውላውን አዙራችሁ በሌላው ጫፍ አስገቡት፣ ቆረጣውንም ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀንሱት። ክሩን ተቃርኖ የገባ ጣውላ በአዲስ ቢላም ይቦጨቃል። አንደኛው ጎን ከሌላው ከቀጠነ ደግሞ ሁለት ቁራጭ እንጨቶችን አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጠርዝ በአንድ ጊዜ አስገብቶ ውፍረታቸውን በካሊፐር ማወዳደር ነው። ልዩነቱ የቢላው ግንድና ገበታው ትይዩ አለመሆናቸውን፣ ወይም ቢላዎቹ በእኩል አለመታሰራቸውን ያሳያል።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው ሮለሩ ላይ ነው። ጣውላው መሃል ላይ ቆሞ ማሽኑ ሲያጓራ "አቅም የለውም" ይባልና ልጁ ከኋላ በእጁ መግፋት ይጀምራል። ሮለሩ ላስቲክ ነው። የፈረንጅ ጥድ ሙጫና የደቀቀ ብናኝ ተጋግሮበት እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ጣውላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይስብም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሳሙና ውኃ ወይም በአልኮል በራሰ ጨርቅ ዙሪያውን እስኪጠራ መጥረግ ነው። ቤንዚንና ቲነር ላስቲኩን ስለሚያበላሹት አጠገቡ አይድረሱ። ከዚያ የብረት ገበታውን ማጽዳትና ስስ ሰም ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል፤ ሲሊኮን ያለበት ቅባት እንጨቱ ላይ ተላልፎ ቫርኒሹን ስለሚያኮርፈው አይሆንም። ይህን ብቻ አድርጌ የመለስኳቸው ማሽኖች ዛሬም ይሠራሉ።

እርጥብ እንጨት ለብቻው ይነሳ። ገና ውኃው ያልወጣለት ባሕር ዛፍ ሰጋቱራው ተለጥፎ መውጫውን ይዘጋል፣ የብረቱን ክፍል ያዝጋል፣ ተልጎ ካለቀም በኋላ ይጣመማል። የተጣመመ ጣውላም በዚህ ማሽን አይቀናም፤ ሮለሮቹ ሲጫኑት ተኝቶ ያልፍና ሲወጣ ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። አንዱን ፊት አስቀድሞ በእጅ ማቅናት አለ።

የጣውላው ሁለት ጫፎች ጎድጎድ ብለው ሲወጡ ብዙ ሰው የማሽኑ ባሕርይ ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን በዝምታ አላልፈውም፤ ምክንያቱም እጃችን የሚገባው እንጨት እየጠበበ ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ያገዳቸው ዛፎች ናቸው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የዋንዛ ጣውላ ሲገኝ ከእያንዳንዱ ጫፍ አንድ አንድ ስንዝር ቆርጦ መጣል ያሳፍራል። ጉድጓዱ የሚፈጠረው ጣውላው ሲገባ የፊተኛው፣ ሲወጣ ደግሞ የኋለኛው ሮለር ብቻውን ስለሚይዘው ነው። ከውጭ የተንጠለጠለው ክብደት ወደ ታች ሲስብ የውስጡ ጫፍ ወደ ቢላው ቀና ይላል። የአሉሚኒየም ሪጋ በገበታውና በሁለቱ ተዘርጊ ክንፎች ላይ አጋድማችሁ እዩ። የክንፎቹ የውጭ ጠርዝ ከገበታው በጥቂቱ፣ በአንድ ሳንቲም ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። ረጅም ጣውላ ሲሆን መግቢያውና መውጫው ላይ ጫፉን በእጅ ደገፍ ማድረግ ነው። ብዙ ቁራጮች ካሉም አንዱ የሌላውን ጭራ ነክቶ ሳይቋረጡ ይግቡ፤ ከፊትና ከኋላ የማይፈለግ ቁራጭ ይቀመጥ። የዋንዛው ጫፍ ይተርፋል።

ስለ ኤሌክትሪክ ደግሞ በተለይ ለውጭ አገር ዘመዶቻችን የምለው አለ። ከአሜሪካ የሚመጣው ማሽን 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። በቀጥታ የተሰካ ዕለት ሞተሩ ይቃጠላል፣ ያኔ ለሙጫው ያልኩት ጨርቅና ሳሙና ምንም አያድነውም። 15 አምፒር የሚስብ የ120 ቮልት ማሽን 1,800 ዋት ይፈልጋል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጎትታል። ስለዚህ የ3,000 ዋት ትራንስፎርመር አብሮ ይገዛ፣ ወይም ማሽኑ ከመጀመሪያው በ220 የሚሠራ ይሁን። እዚህ ላለነውም፦ ለአምፑል የተሠራ ቀጭን ኤክስቴንሽን ለዚህ ማሽን አይሆንም። ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ማሽኑም በራሱ ይጠፋል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ እሱም ያጠረ፣ ብዙውን "የሞተር ችግር" ያስቀራል። ጠንካራ ብልጭታና የሚቆራረጥ ድምፅ ከመጣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ሁለት ካርቦኖች አውጥቶ ማየት ነው። ያለቁ ከሆኑ ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ፤ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ የካርቦን ዋጋ ከቁጥር አይገባም።

ቢላው ሲነካ ሶኬቱ የተነቀለ፣ ስፒናውም ዓይናችሁ የሚያየው ቦታ ላይ የተቀመጠ ይሁን። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበው ቆይቷል።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልናገር። ማሽን የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ ከእያንዳንዱ ማሽን ጋር ቢያንስ አንድ ትርፍ የቢላ ስብስብ፣ ካርቦንና ቺንጋ መደርደሪያችሁ ላይ ይኑር። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪው ጣውላ አስገብቶ በማውጣቱ ብቻ አያሳልፉት፤ ቢላ ፈትቶ በእኩል ሲያስር፣ ሮለር ሲያጸዳ፣ ከተበላሸ ጣውላ ተነስቶ ጥፋቱን ሲያገኝ ይፈተን። ገዢዎች፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት "የዚህ ቢላ አለ?" በሉ። "ኋላ ይመጣል" ከተባላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ለወንድማችሁ ልጅ ማሽን የምትልኩ ደግሞ የሞዴሉን ቁጥር አይታችሁ ሁለት ስብስብ ቢላ ጨምሩበት። ክብደቱ ትንሽ ነው፤ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ስለማያሳልፏችሁ በሚጫነው ውስጥ፣ ከነካርቶኑ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡት።