በሜዳ የጮኸች ብላቴና እና በስሟ የሚደረግ ዕርቅ

የኦሪት ዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ በሜዳ ስለ ተደፈረች ብላቴና የደነገገው ሕግ በመንዝ ደጋ ለሚኖር ምእመን የሩቅ ታሪክ አይደለም። ሕጉ ልጅቱ ጮኻ የሚያድናት እንዳጣች ይቈጥርላታል፤ በእርሷም ላይ ምንም እንዳይደረግ ያዝዛል፤ ድርጊቱንም ሰው ተነሥቶ ባልንጀራውን ከመግደሉ ጋር ያነጻጽረዋል። በመሐል ሜዳ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች መንደሮች ተራርቀው የተመሠረቱ ናቸው፤ በጉን የሚጠብቁት ልጆች ናቸው፤ ተማሪዋ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ፣ ከቤቷም ወደ ምንጭ የምትወርደው ብዙ ጊዜ ብቻዋን ነው። ብትጮኽ የሚሰማት ላይኖር ይችላል። የሙሴ ሕግ ይህን አስቦ ምስክር አላመጣሽም ብሎ አልፈረደባትም። እኛ ግን ዛሬም አስቀድመን የምንጠይቃት ለምን ብቻዋን እንደ ሄደች ነው።

ስለ ጾታዊ ጥቃት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ድርጊቱና ቅጣቱ ነው። እዚህ ላይ ልናነሣ የወደድነው ግን በሁለቱ መካከል ያሉትን ጥቂት ቀናት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ከማንም ቀድሞ የሚጠራው ካህን ነውና።

በገጠሩ የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው። የበዳዩ ቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም መስቀል የያዘ ካህን ያስቀድማሉ። የልጅቱ አባት በመስቀሉ ይለመናል፤ ካሳ ይቈረጣል፤ አለዚያም የደፈራት ያግባት ተብሎ ይስማማሉ። ይህ ደም እንዳይፈስ፣ ቂም እንዳይወረስ ታስቦ የሚደረግ ስለ ሆነ ዓላማውን ማቃለል አይገባም፤ አንድ ጠብ ስንት ቤት እንደሚዘጋ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ነገር ግን በዚህ ዕርቅ የታረቁት ሁለት አባቶች ናቸው። ልጅቱ አልታረቀችም፤ የጠየቃትም የለም።

የቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ለዚህ ልማድ በር ከፍቶ ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ አገባት ከተባለ ክሱ ይቀር ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ያን በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ቢሆን ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ጋብቻን በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ላይ ያቆመዋል። የመንግሥት ሕግ ከ20 ዓመት በፊት የተወውን፣ ቀኖናችንም ያልተቀበለውን ነገር በመስቀል ማስለመን ምን ይባላል?

በቤት ውስጥ ያለው ጥቃት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የተሰወረ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት እንዳለ መልሰዋል፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶ የሚሆኑት ርዳታም አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ለዱላው ምክንያት ማግኘታቸው ያሳዝናል። ይህን ከቤተ ክርስቲያን አልተማሩትም ለማለት ግን ድፍረቱ የለንም፤ በስሟ «ታገሺ» ተብለው የተመለሱ ብዙዎች ናቸውና። በሰማንያ የተጋባች ሴት ትዳሩ ሲከፋባት ትታ ትሄዳለች፤ በቅዱስ ቁርባን የተወሰነችው ግን ስለ ሃይማኖቷ ስትል በዱላ ሥር ትቀመጣለች። ፍትሐ ነገሥት አንዱ ተጋቢ በሌላው ሕይወት ላይ ሲነሣ መለያየትን የፈቀደ መሆኑን የሚነግራት የለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የተላከውን የመጀመሪያ መልእክት በተረጐመበት ድርሳኑ ሚስቱን የሚመታ ባል የሚያዋርደው ራሱን እንደ ሆነ አስተምሯል። ይህ ድርሳን ባሎች በተሰበሰቡበት ዐውደ ምሕረት ምን ያህል ጊዜ ተሰብኳል?

መጽሐፍ ቅዱስ ዝምታ ምን እንደሚያስከትል የጻፈልን ታሪክ አለ። አምኖን እኅቱን ትዕማርን ባስነወራት ጊዜ አቤሴሎም ወንድምሽ ነውና ዝም በዪ አላት፤ ንጉሥ ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ከቍጣው በቀር ግን ያደረገው ነገር አልተጻፈም (2ኛ ሳሙ. 13)። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ፤ ነገሩም ውሎ አድሮ አባትና ልጅን ወደ ማዋጋት ደረሰ። እኛም መቈጣትን እናውቅበታለን። በባሕር ዳር ተደፍራ የተገደለችው የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሰፊው ሲሰማ፣ በወንጀለኛው ላይ የተፈረደው 25 ዓመት አነሰ ተብሎ አገር ተነጋግሮበታል። በየገጠሩ በሽማግሌ ስለሚዘጋው ጉዳይ ግን የሚቈጣ የለም።

ጦርነቱ ይህን ቍስል አስፍቶታል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ውጊያው እስከ መንዝ ዘልቆ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ነፋስ መውጫ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መርምሮ ካነጋገራቸው 16 ሴቶች 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ነግረውታል። በትግራይ ያሉ እኅቶቻችንም በሌሎች ታጣቂዎች ተመሳሳይ መከራ ተቀብለዋል፤ የእነዚህን ዕንባ በእነዚያ ዕንባ ማካካስ ክርስትና አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ፍርድ ቤትና ፖሊስ እንደ ቀድሞው የማይሠሩባቸው፣ ትምህርት ቤቶች የተዘጉባቸው ብዙ ወረዳዎች አሉ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ ለልጅቱ የሚቀርብላት ጋብቻ ነው። ፖሊስ በጠፋበት ቀበሌ ግን ካህን አልጠፋም።

እንግዲህ በዚያ ቀን ወደ ንስሓ አባቷ የመጣች ሴት ምን ልትሰማ ይገባታል? ከሁሉ አስቀድሞ የምትናገረው ኑዛዜ አይደለም፤ ኃጢአቱ የሌላ ነውና ቀኖና አይሰጣትም። (በግዳጅ የተደፈረች ልጅ ለተክሊል ስትቀርብ ምን እንደምትባል በየአጥቢያው የተለያየ መልስ ከሚሰጥ ሊቃውንት ጉባኤው አንድ ቃል ቢሰጥበት መልካም ነው።) ቀጥሎ ሳትታጠብና ልብሷን ሳታጥብ ወደ ሕክምና እንድትሄድ ይነግራታል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያም ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ ግን አይሰጥም። ለፍርድ ቤት የሚሆነው የሐኪም ማስረጃም በየሰዓቱ እየጠፋ ይሄዳል። ምስጢሯን ጠብቆ፣ ብትፈቅድ አንዲት የምታምናት እናት አብራት እንድትሄድ ማድረግ የካህኑ ሥራ ነው።

በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ከሩቅ ቀበሌዎች ግን በእግር ረጅም መንገድ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት ለሐዘንተኛ ቤት የሚያዋጡት ገንዘብ አላቸው፤ ከዚያ ላይ ለአንዲት ልጅና ለአጃቢዋ መሳፈሪያ የሚሆን ማስቀመጥ ከባድ አይደለም። ውሳኔው ግን ልጅቱ ከመምጣቷ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ቤተ ዘመዱ ሽማግሌ መርጦ፣ ካህን ለምኖ፣ የልጅቱን አባት ደጅ እስኪጠና ድረስ እነዚያ 3 ቀናት ያልፋሉ።