ጤና በጥቅል አይገዛም

ቁርስ ላይ ወተት የምናፈስበት ኮርን ፍሌክስ የተወለደው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ያውም ቡና የከለከለ፣ ስኳርን በክፉ ዓይን የሚያይ፣ ሕመምተኛን በምግብ፣ በውኃና በብርሃን አክማለሁ የሚል ክሊኒክ። ባትል ክሪክ ሳኒታሪየም ይባል ነበር፤ ቦታው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት ነው። ታሪኩ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም፣ ዛሬ ማታ ቲክቶክ ላይ «ይህን ጠጡና ስኳርና ደም ግፊትን ተሰናበቱ» የሚል ቪዲዮ ለሚገጥመው ሰው ብዙ የሚለው አለ።

ክሊኒኩ የተከፈተው በ1866 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቾቹ የአድቬንቲስት እምነት ተከታዮች ሲሆኑ ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ሰው ከሥጋ፣ ከአልኮልና ከትምባሆ ርቆ፣ ንጹህ ውኃና አየር እያገኘ፣ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ ቢኖር ብዙ በሽታ አይደርስበትም። አሁን ስንሰማው ተራ ምክር ነው። ያኔ ግን ሐኪሞች ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ያዙ ነበር፤ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሽታን ከጀርም ጋር የሚያያይዘው ሳይንስ ገና ዳዴ እያለ ነበር። ሰውነትን የሚመርዝ መድኃኒት ከመዋጥ ገላን ታጥቦ፣ ቀለል ያለ ምግብ በልቶ ማረፍ በእርግጥም ይሻል ነበር። ክሊኒኩ ሰው ያገኘው በማታለል ሳይሆን፣ የጎደለ ነገር ስለሞላ ነው።

በ1876 ጆን ሃርቪ ኬሎግ የተባሉ የ24 ዓመት ሐኪም ኃላፊነቱን ተረከቡ። ኒው ዮርክ ውስጥ በቤልቪው ሕክምና ኮሌጅ የተማሩ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ትንሹ የጤና ቤት በዓመት ሺዎች የሚጎርፉበት ትልቅ ተቋም ሆነ። ሄንሪ ፎርድና ቶማስ ኤዲሰን ሳይቀሩ በእንግድነት ገብተውበታል። ጠዋት ስፖርት፣ ቀን የውኃ ሕክምና፣ በኤሌክትሪክ አምፖል የተሞላ ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ መሞቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ወንበር፣ ምግብን ደጋግሞ ማኘክ፣ ከዚያ ደግሞ በአፍም በታችም የሚሰጥ እርጎ። አዎ፣ በታችም።

አሁን የኬሎግን ትምህርት ለሁለት እንክፈለው። ትምባሆ ይገድላል አሉ፤ በ1922 ይህንኑ የሚመለከት መጽሐፍ አሳተሙ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዘውን ታዋቂ ሪፖርት ያወጣው በ1964 ነው። ሐኪሙ 42 ዓመት ቀድመዋል ማለት ነው። ፋይበር ያለው ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ አንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ትኩረት መስጠት፣ በእነዚህም ዛሬ ሳይንስ የሚሄድበትን መንገድ ጠቁመዋል።

እኚሁ ሰው ግን አብዛኛው በሽታ የሚመነጨው ከአንጀት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቡናን እንደ መርዝ ቆጠሩ። ከሁሉም የከፋው፣ «የተሻለ» የሰው ዘር መርጦ ለማራባት የሚፈልገው ዩጀኒክስ የሚባለው እንቅስቃሴ ዋና ደጋፊ ነበሩ፤ በ1914 ባትል ክሪክ ላይ በዚህ ጉዳይ ትልቅ ጉባኤ ተካሂዷል። ይህ ሁሉ የወጣው ከአንድ አፍ፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ነው።

የቴሌ ጥቅል የገዛ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የፈለጋችሁት ዳታውን ነው፤ አብሮት ግን የማትደውሉበት ደቂቃና የማትልኩት ኤስኤምኤስ ይመጣል። የጤና ምክርም እንዲሁ በጥቅል ይመጣል። ሰውየው ስለ ስኳርና ስለ ለስላሳ መጠጥ የነገራችሁ እውነት ሆኖ ስታገኙት፣ ስለ ካንሰር የሚነግራችሁንም አብራችሁ ትገዛላችሁ። የመጀመሪያው እውነት ለሁለተኛው ዋስ ይሆናል። ኬሎግ አታላይ አልነበሩም፤ የሰበኩትን ራሳቸው ይኖሩት ነበር፤ 91 ዓመትም ኖረዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቅንነት ማስረጃ አይደለም፤ የአንድ ሰው ረጅም ዕድሜም ጥናት አይደለም።

ነገሩ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ምን እንደሆነ እንይ። በ1891 ቻርልስ ዊሊያም ፖስት የሚባሉ ነጋዴ ክሊኒኩ ውስጥ ለመታከም ገቡ። ወጥተው በ1895 ከተቆላ ስንዴ፣ ከፉርሽካና ከሞላሰስ የተሠራ የቡና ምትክ መሸጥ ጀመሩ። ማስታወቂያቸው ቡና ነርቭን ያቃውሳል እያለ ሕዝቡን ያስፈራ ነበር። እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ መጠነኛ ቡና አብዛኛውን ጤነኛ አዋቂ እንደማይጎዳ የኋላ ጥናቶች አሳይተዋል። ፖስት ግን በፍርሃቱ ሀብታም ሆኑ። ቀጥሎ ለገበያ ያወጡት የቁርስ ምግብ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናን እንደሚያስቀር እስከ ማስተዋወቅ ደረሱ። አንድ መጽሔት ይህን ነቀፈ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ትርፍ አንጀቱ የተቆጣበት ሰው ቁርስ እየበላ ቤቱ ቢቆይ ምን እንደሚደርስበት ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ኮርን ፍሌክሱስ? የሐኪሙ ታናሽ ወንድም ዊል ኪት ኬሎግ ለዓመታት በክሊኒኩ የሒሳብና የአስተዳደር ሥራ ከሠሩ በኋላ፣ በ1906 የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። ምግቡ እንዲጣፍጥ ስኳር ጨመሩበት። ታላቅየው ተቆጡ፤ ወንድማማቾቹ በስም ባለቤትነት ለዓመታት ተካሰሱ፤ በ1920 ታናሽየው ረቱ። የሕመምተኛ ምግብ የነበረው ነገር በዓለም ዙሪያ የልጆች ቁርስ ሆነ። «ጤናማ» የሚለው ስም ግን እንዳለ ካርቶኑ ላይ ቀረ። ገበያው ከክሊኒኩ የወሰደው ዝናውን ነው፤ ጥንቃቄውን እዚያው ትቶታል።

ክሊኒኩ ራሱ በ1928 ባለ 15 ፎቅ ሕንፃ ጨመረ። በዓመቱ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ፤ ባለጸጋ እንግዶች ቀሩ፤ በ1933 ተቋሙ በዕዳ ተይዞ በንብረት ጠባቂ ሥር ወደቀ። በ1942 ሕንፃውን የአሜሪካ ጦር ገዝቶ የወታደር ሆስፒታል አደረገው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያየው አንድ የቆየ ችግር አለ። ኬኔት አሮው የሚባሉት ኢኮኖሚስት በ1963 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕክምና እንደ ሌላው ሸቀጥ እንደማይሸጥ አስረድተዋል፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም። ቲማቲም ስትገዙ ነክታችሁ ታያላችሁ። ጉንፋን «የሚፈውስ» ዱቄት ስትገዙ ግን ጉንፋኑ በሳምንቱ በራሱ ይለቃችኋል፤ ምስጋናውን ዱቄቱ ይወስዳል። ለዚህ ነው ለሐኪም ፈቃድ፣ ለመድኃኒት ምዝገባ የሚጠየቀው።

ስልካችን ላይ ይህ አጥር የለም። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ካንሰሬን በምግብ እየታከምኩ ነው ብላ በመቶ ሺዎች ተከታይ አፈራች፤ አፕሊኬሽንና መጽሐፍ ሸጠች። በ2015 ካንሰሩ ጭራሽ እንዳልነበረ አመነች። በ2017 ፍርድ ቤት 410 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። ቅጣቱ የመጣው ግን እውነተኛ ሕመምተኞች አምነው ከተከተሏት በኋላ ነው።

እኛም ጋ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ተልባ በየቴሌግራም ቻናሉ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ተብለው ይሸጣሉ። እነዚህን መናቅ አይደለም፤ ተልባ የእናቶቻችን ጓዳ ነው፣ ይጠጣ። የአገር ባህል መድኃኒት ዕውቀትም በአግባቡ ሊጠና የሚገባው ሀብት ነው። ጣጣው የሚመጣው ምግቡ ወደ ፈውስ ሲቀየርና «የሐኪም መድኃኒታችሁን ተዉት» የሚለው ሲጨመርበት ነው። ኢንሱሊን ላይ ጥገኛ የሆነ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ የቪዲዮው ባለቤት ስልኩን አያነሳም።

ሰዉ ለምን ይሄዳል? እንደ ባትል ክሪክ እንግዶች ሁሉ የሚሄደው ጆሮ ፍለጋ ነው። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ጥቂት ደቂቃ የሚያገኝ ሰው፣ «ምን በላህ? እንዴት አደርክ? እንቅልፍህስ?» ብሎ የሚጠይቀውን ያምናል። ይህን ክፍተት የጤና ተቋሞቻችን ካልሞሉት ሌላው መሙላቱን አያቆምም። ባለሥልጣን ሱቅ ማሸግ ይችላል፤ የቴሌግራም ቻናል ግን ዛሬ ቢዘጋ ነገ በሌላ ስም ይከፈታል። ስለዚህ ሐኪሞች ስልካችን ላይ ይምጡ፤ በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ፍጥነት ያውሩን። ተከፍሎት ምርት የሚያስተዋውቅም መከፈሉን በግልጽ ይናገር፤ እኛም እንጠይቀው።

እስከዚያው ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምክሩን የሚሰጠውና ዕቃውን የሚሸጠው አንድ ሰው ነው? የሚጠቀሰው ማስረጃ በብዙ ሰው ላይ የተሠራ ጥናት ነው ወይስ የአንድ ሰው ምስክርነት? መድኃኒት እንዳቆም ይነግረኛል? የሦስተኛው መልስ አዎ ከሆነ ሁለቱን መመለስ አያስፈልግም፤ እለፉት። የቀረውን ደግሞ አንድ በአንድ እየመዘናችሁ ውሰዱ። ከኬሎግ ትምህርት የትምባሆውን ወስዶ ዩጀኒክሱን መጣል እንደሚቻለው ሁሉ፣ ከምትከተሉት ሰውም እንቅስቃሴውን ወስዶ ዱቄቱን መተው ይቻላል።