ዋስትና ከወረቀት በላይ ይሁን

ከአውቶሞቢል ጋር የሚሰጥ የዋስትና ወረቀት የነጋዴ ቃል ነው። ቃሉም የሚፈተነው በሽያጩ ቀን ሳይሆን፣ መኪናው ጉድለቱ ሳይታረም ዳግመኛ ወደ ጋራዥ በተመለሰ ጊዜ ነው።

ይህን የካርቱም ገበያ በግልጥ ያስረዳል። የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. የሱዳንን ንግድ አጠበበ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደግሞ ከተማይቱን ለዘረፋና ለጥፋት ዳረገ። መለዋወጫና መካኒክ ከታጣ ዋስትናው ምን ይረባል?

ጎረቤትም ከዚህ ይማር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዲህ ገዢ በጽሑፍ ያስታውቅ፣ ቀን ያለበትን ደረሰኝም ይያዝ። ነጋዴው ማደስ ካልቻለ ይለውጥ፣ ወይም ዋጋውን ይመልስ። ሹማምንትም የማስመጫ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የመለዋወጫውን መጋዘን ይመርምሩ።